ከዳፍንት ወደ ሕፃናት ሞት፦ የዓይን ሐኪሙ የአልፍሬድ ሶመር የምርምር ሕይወት

አልፍሬድ ሶመር የዓይን ሐኪም ናቸው። በሕክምና ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ግን ባደረጉት ቀዶ ሕክምና ወይም በፈለሰፉት መሣሪያ አይደለም፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሕፃናትን ዓይነ ስውር ከማድረጉ ቀድሞ እንደሚገድላቸው በማረጋገጣቸው ነው። ግኝቱ የቤተ ሙከራ ውጤት አይደለም። በኢንዶኔዥያ መንደሮች ቤት ለቤት ከተሰበሰበ መዝገብ የተገኘ ነው፤ መዝገቡም የተሰበሰበው ለሌላ ጥያቄ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓይነ ስውርነትን አስቀድሞ መከላከል ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። ክሊኒክ የተቀመጠ ሐኪም የሚያየው የመጣለትን ሰው ነው። ያ ሰው ሕመሙን አውቆ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አግኝቶ፣ ወረፋ ጠብቆ የደረሰ ነው። የመከላከል ተመራማሪን የሚያሳስበው ያልመጣው ነው። በአንድ ወረዳ ስንት ሰው አያይም? ምን አሳወረው? ሕመሙ ሲጀምር ምን ቢደረግለት ይተርፍ ነበር? እነዚህን ለመመለስ ዓይን መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ሕዝብን በሥርዓት መቁጠር፣ ናሙና ማውጣት፣ የታመመውን ካልታመመው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ሙያ የበሽታ ስርጭት ጥናት ወይም ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። ሶመር ዓይንን ከመማራቸው በፊት ቆጠራን ተማሩ። ኋላ ላይ ሌሎች አልፈውት የሄዱትን ነገር ያዩት በዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሶመር በ1942 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1963 ከዩኒየን ኮሌጅ፣ የሕክምና ዲግሪያቸውን በ1967 ከሃርቫርድ አገኙ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የተፋፋመበት ስለነበር ወጣት ሐኪሞች ለውትድርና ይፈለጉ ነበር። ሶመር ግዴታቸውን በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል ለመወጣት መረጡና የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል የወረርሽኝ መርማሪ ሐኪሞችን የሚያሠለጥንበትን ክፍል ተቀላቀሉ። በ1970 ወደ ዳካ ተላኩ። ዳካ ያኔ የምሥራቅ ፓኪስታን ዋና ከተማ ስትሆን፣ የተመደቡበት የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪም በዘርፉ ስመ ጥር ተቋም ነበር።

ኖቬምበር 12 ቀን 1970 ሌሊት አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል የቤንጋልን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አጥለቀለቀ። ስንት ሰው እንዳለቀ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ሶመርና ባልደረባቸው ዋይሊ ሞዝሊ ከተጎዳው አካባቢ ናሙና አውጥተው የተረፉትን ቤተሰቦች ጠየቁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፋ ያለ ሁለተኛ ቆጠራ ተደረገ። በ1972 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመው ጥናታቸው መሠረት የሞተው ሰው ቢያንስ 224,000 ነው፤ ይህም ከአካባቢው ነዋሪ 16.5 በመቶ ነበር። ከሕዝቡ ሲሶ ያህል ብቻ የሆኑት ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኙ። ከተረፉት አዋቂዎች ብዙዎቹ ደረታቸውና የክንዳቸው የውስጥ ገጽ ተልጦ ነበር። የዛፍ ግንድ አቅፈው ማዕበሉን ሲታገሉ ያገኛቸው ቁስል ነው። ግንድ አቅፎ ለመቆየት ጉልበት ያልነበረውን ሕፃን፣ አረጋዊና በሽተኛ ግን ውኃው ወሰደው። ለአንድ ወጣት ሐኪም ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። የተረፈውን ብቻ የመረመረ ሐኪም የቆሰለ ደረት አይቶ ይመለሳል፤ የአደጋው ዋና ነገር ያለው በሌሉት ሰዎች ዘንድ ነው፤ እነሱን ደግሞ ካልቆጠሩ በቀር ማየት አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው ፈንጣጣ ነበር። በ1971ዱ የነጻነት ጦርነት ወደ ሕንድ የተሰደዱት ሚሊዮኖች ሲመለሱ በሽታው አብሯቸው ወደ አዲሲቱ ባንግላዴሽ ገባ። ሶመር በ1972 መጀመሪያ በኩልና ከተማ በተነሣው ወረርሽኝ ላይ ሠሩ፤ ሥራው በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ሰዎች በክትባት ማጠር ነበር።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1973 በኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርሳቸውን ያዙ፤ ከዚያም በዚያው ዩኒቨርሲቲ በዊልመር የዓይን ኢንስቲትዩት እስከ 1976 ድረስ የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ተማሩ። ሁለቱን ሙያዎች አንድ ላይ የያዘ ሐኪም ያኔ እምብዛም አልነበረም። በእነዚህ ዓመታት ወደ ኤልሳልቫዶርና ወደ ሄይቲ እየሄዱ በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣውን የዓይን ድርቀት ማጥናት ጀመሩ። በሳይንሳዊ ስሙ ዜሮፍታልሚያ የሚባለው ይህ በሽታ ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመናቸው ማዕከል ሆነ።

በሽታው አዲስ አይደለም። የጥንት ግብፃውያንና ግሪካውያን ሐኪሞች በምሽት ማየት ለተሳነው ሰው ጉበት ያዝዙ ነበር። በ1863 ፒየር ቢቶ የተባለ የቦርዶ ሐኪም በልጆች ነጭ ዓይን ላይ የሚታየውን ምልክት ገለጸ። ቫይታሚን ኤ ራሱ የታወቀው በ1913 ሲሆን፣ ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ ኤልመር ማኮለም ኋላ በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ፕሮፌሰር ሆነዋል።

ቫይታሚኑ በዓይን ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ብርሃን በሚያርፍበት በዓይን የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና ላይ ነው። ሰው በድንግዝግዝ እንዲያይ የሚያስችለው ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው ከዚሁ ቫይታሚን ነው። ቫይታሚኑ ሲያንስ መጀመሪያ የሚመጣው በኢትዮጵያ ዳፍንት የሚባለው ሕመም ነው። ቀን ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ የቀረበለትን ምግብ በእጁ ዳብሶ ይፈልጋል፤ ጠዋት ሲነጋ እንደገና ደኅና ነው። ወላጅ ብዙ ጊዜ ነገሩን የፍርሃት ወይም የስንፍና ጠባይ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሥራ የዓይንን የላይኛ ሽፋን እርጥብና ጤናማ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ ሲጓደል ነጩ ዓይን ይደርቃል፤ ከጥቁሩ ክፍል አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ በኩል ባለው ጎን፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ይከማቻል። ቢቶ የገለጸው ይህንን ነው። እጥረቱ ሲከፋ የዓይን ብሌን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይለሰልስና ይቀልጣል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ሲጀምር ዓይኑ የሚጠፋው በወራት አይደለም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይበቁታል።

በ1976 ሶመር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ወደ ባንዱንግ ከተማ ሄዱ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት፣ ኋላ ሄለን ኬለር ኢንተርናሽናል የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትና የኢንዶኔዥያ ተመራማሪዎች በጋራ የከፈቱት፣ በምግብ እጥረት የሚመጣ ዓይነ ስውርነትን የመከላከል ፕሮጀክት ላይ ሊሠሩ ነበር። ከኢንዶኔዥያውያኑ መካከል የሥነ ምግብ ባለሙያዎቹ ኢግናሲዩስ ታርዎትዮና ሙሂላል ስማቸው በጥናቶቹ ላይ ከሶመር ጋር ተደጋግሞ ይገኛል። ይህ ሥራ የአንድ ሰው ተደርጎ መነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ እንጂ፣ መንደሩን የሚያውቁት፣ እናቶችን በቋንቋቸው የሚያነጋግሩት እነሱ ነበሩ።

ፕሮጀክቱ በሦስት አቅጣጫ ሄደ። በባንዱንግ በሚገኘው በቺቼንዶ የዓይን ሆስፒታል ብሌናቸው የተጎዳ ሕፃናት ይታከሙና ይጠኑ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ በሽታው የትና ምን ያህል እንደተስፋፋ ተቆጠረ። ሦስተኛውና ኋላ ታሪክ የሠራው በምዕራብ ጃቫ፣ በፑርዋካርታ መንደሮች የተደረገው ክትትል ነው፤ በአማካይ 3,481 ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በየሦስት ወሩ ለ18 ወራት ተመረመሩ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት ድህነት ውስጥ ከሚያድጉ ልጆች መካከል አንዱ ዓይኑ ሲደርቅ ሌላው ለምን ይተርፋል?

ከሆስፒታሉ ጥናት ወዲያው የሚጠቅም ውጤት ወጣ። ያኔ ለከፋው ደረጃ ሕክምናው መርፌ ነበር። መርፌ ደግሞ ንጹሕ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በሽታው ባለበት ገጠር ሁለቱም የሉም። በ1980 የታተመው ጥናት በአፍ የሚሰጠው 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ ከመርፌው እኩል እንደሚሠራ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከሐኪም እጅ ወደ መንደር ፈቃደኛ እጅ መሻገር ቻለ። ይህ ውጤት ከኋለኛው ግኝት ያነሰ ዝና አለው፤ ያለ እሱ ግን ኋላ የመጣው ዘመቻ ሁሉ አይታሰብም ነበር።

ሌላውም እንዲሁ ለገጠር የሚስማማ ነበር። የልጅን የቫይታሚን ኤ መጠን በደም ምርመራ ማወቅ ውድ ነው፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ግን እናትየውን ስለ ዳፍንት በአካባቢው መጠሪያ ሲጠይቋት የምትሰጠው መልስ ከደም ምርመራው ውጤት ጋር በሚገባ እንደሚገጥም አረጋገጡ። ልጇ ሲመሽ የሚደናበርባት እናት ከማንም በፊት ታውቃለች። ጥያቄው በትክክለኛው ቃል ከቀረበላት መልሷ ሳይንሳዊ መረጃ ነው።

ሶመር በ1979 ወደ ባልቲሞር ተመለሱ፤ በ1980 በዊልመር ኢንስቲትዩት የመከላከል የዓይን ሕክምና ማዕከል ከፍተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ማዕከሉ ዛሬ ዳና ማዕከል ይባላል። ከፑርዋካርታ የመጣው መዝገብ መተንተኑ ቀጠለ። በ1982 መጨረሻ ላይ ሶመር የክትትሉን ሰንጠረዦች ሲያገላብጡ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ። ቀለል ያለ ምልክት የነበራቸው ልጆች፣ ዳፍንት ወይም ነጭ አረፋ ብቻ የታየባቸው፣ በሚቀጥለው ዙር ሲፈለጉ ከሌሎቹ ይበልጥ ጎድለው ይገኛሉ። የጎደሉት ቤተሰባቸው ስለለቀቀ አልነበረም። ሞተዋል።

ውጤቱ በ1983 በላንሴት ታተመ። ቀላል የዓይን ድርቀት ያለባቸው ሕፃናት የሞት መጠን በአማካይ ድርቀቱ ከሌለባቸው አራት እጥፍ ነበር፤ በአንዳንድ የዕድሜ ክልል ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይደርስ ነበር። ዳፍንት ብቻ ካለበት ይልቅ ነጭ አረፋ ያለበት፣ እሱም ካለበት ይልቅ ሁለቱም ያሉበት ልጅ የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። ደረጃ በደረጃ መውጣቱ ነገሩ አጋጣሚ አለመሆኑን የሚያመለክት ነው። የልጆቹ ክሳት፣ ተቅማጥና የመተንፈሻ ሕመም ተለይቶ ሲታይም ልዩነቱ አልጠፋም። ተመራማሪዎቹ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ልጆች ሞት ቢያንስ 16 በመቶው ከቀላል የቫይታሚን ኤ እጥረት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው ብለው ገመቱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እነዚሁ ልጆች በመተንፈሻ ሕመም ሁለት እጥፍ፣ በተቅማጥ ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳተሙ።

እስከዚያ ድረስ የሕክምናው ዓለም ቀላሉን ደረጃ እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ያየው ነበር፤ ልጁ ወደ ከፋው ደረጃ ካልሄደ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ብሌናቸው የቀለጠ ሕፃናት ብዙ ጊዜ እንደሚሞቱ የታወቀ ነበር፤ ለዚህ ግን የሚወቀሰው አብሮት ያለው ክሳት ነበር። የሶመር መዝገብ ይህን ገለበጠው። ቫይታሚን ኤ የሚጠብቀው የዓይንን ሽፋን ብቻ አይደለም፤ የሳንባን መተላለፊያ፣ የአንጀትን ግድግዳ፣ የሰውነትን የመከላከያ ኃይልም ይጠብቃል። ዓይን ከውጭ የሚታይ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያ ታወቀ እንጂ፣ አንጀቱና ሳንባውም በዚያው ሰዓት እየተጎዱ ነበር።

ጽሑፉ ሲወጣ ግን የተቀበለው ጥቂት ነበር። ያልተቀበሉትም አሳማኝ ምክንያት ነበራቸው። ዳፍንት ያለበት ልጅ በሌላም ነገር ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚኑ ቢሰጠው ይተርፍ እንደነበር ክትትል ብቻውን አያረጋግጥም። ማስረጃው ሙከራ ነው። ሙከራው በሰሜን ሱማትራ፣ በአቼ ተደረገ። 450 መንደሮች በዕጣ ተለዩ፤ በ229ኙ መንደሮች ከአንድ ዓመት በላይ ያሉ ሕፃናት በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ በመንደር ፈቃደኞች እጅ ተሰጣቸው፤ 221ዱ መንደሮች ግን ቫይታሚኑ ሳይሰጣቸው ለአንድ ዓመት እንዲቆዩ ሆነ። በድምሩ 25,939 ሕፃናት በመጀመሪያና ከዓመት ገደማ በኋላ ታዩ። ቫይታሚኑን ባገኙት መንደሮች ከ1,000 ሕፃናት 4.9፣ ባላገኙት ደግሞ 7.3 ሞተዋል። ሞት በሲሶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። ይህም በ1986 በላንሴት ወጣ።

ተቃውሞው ግን አልቆመም፤ ይልቁንም በረታ። በሁለት ሳንቲም የሚገዛ እንክብል በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ የሕፃናትን ሞት በሲሶ ይቀንሳል የሚለው ነገር ለብዙዎች ከልክ ያለፈ ተስፋ መሰለ። በማነጻጸሪያ መንደሮቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል አለመሰጠቱም ተነቀፈ። ጥያቄውን ያነሣው የዓይን ሐኪም መሆኑም አልረዳም፤ የሕፃናት ሞት የሕፃናት ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ሊቃውንት ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሶመር ለዚህ የሰጡት መልስ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ክርክሩን በጽሑፍ ልውውጥ ለማሸነፍ ከመድከም ይልቅ ሙከራው በሌሎች ቦታዎች፣ በሌሎች ተመራማሪዎች እጅ፣ በተጠራጣሪዎቹም እጅ ጭምር እንዲደገም ገፉ።

ተደገመም። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ በየሳምንቱ ትንሽ መጠን በመስጠት የተደረገው ሙከራ በ1990 ሞት በ54 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በኔፓል ሳርላሂ ወረዳ፣ በሶመር ባልደረባ በኪት ዌስት መሪነት 28,630 ሕፃናት የተካፈሉበት ሙከራ በ1991 የ30 በመቶ ቅናሽ አሳየ፤ ከጋና በ1993 የመጣው ደግሞ 19 በመቶ። ሁሉም ግን አንድ አልነበሩም። ከሃይደራባድና ከሱዳን የመጡት ጥናቶች ጉልህ ለውጥ አላገኙም።

የኩፍኝ ጥናቶች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ነበሩ። ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ በፍጥነት ያሟጥጣል። በታንዛኒያ በምቩሚ ሆስፒታል በኩፍኝ ከተኙ 180 ሕፃናት መካከል ቫይታሚኑን ካገኙት 88 ልጆች ስድስት፣ ካላገኙት 92 ልጆች 12 ሞቱ፤ ሶመር ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ ነበሩ፤ በ1987 ታተመ። በኬፕታውን በ189 ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ1990 የታተመው ጥናት ከሞቱት 12 ልጆች አሥሩ ቫይታሚኑን ያላገኙ መሆናቸውን አሳየ። የሚያሳዝነው ይህ እውቀት ቀድሞም መኖሩ ነው። በ1932 ኤሊሰን የተባለ የለንደን ሐኪም 600 የኩፍኝ ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ቫይታሚን ኤ ሰጥቶ ነበር፤ በእነዚያ ዘንድ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከዚያም በፊት በ1928 ግሪንና ሜላንቢ ቫይታሚኑን ተላላፊ በሽታ ተከላካይ ብለውት ነበር። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ሲመጡ ግን ነገሩ ተረሳ። መድኃኒቱ በደረሰበት አገር መረሳቱ ብዙ አልጎዳ ይሆናል፤ ባልደረሰበት አገር ግን ለሃምሳ ዓመት ሕፃናት ከፈሉበት።

በ1992 በኢጣሊያ ቤላጂዮ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች ማስረጃውን መርምረው ቫይታሚን ኤ እጥረት ባለበት ሕዝብ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ቢተን የተመራው የጥናቶች ድምር ቅናሹን በአማካይ 23 በመቶ አደረገው። የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ባወጣው የልማት ሪፖርት ቫይታሚን ኤን በዝቅተኛ ወጪ ከፍተኛ ጥቅም ከሚሰጡ የጤና ሥራዎች ተርታ አስቀመጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሕፃናት በቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይናቸውን እንደሚያጡና ግማሾቹ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ ይናገራል።

ክርክሩ ከዚያም በኋላ ተቀስቅሷል። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ያካተተው ዴቭታ የተባለ ግዙፍ ሙከራ በ2013 ሲታተም የሞት ቅናሹ 4 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ያም በስታቲስቲክስ ረገድ እርግጠኛ አልነበረም። ሶመርና ባልደረቦቻቸው የእደላውና የክትትሉ አሠራር ደካማ ነበር ብለው ተቃወሙት። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። በዚህ ጽሑፍ ግምት ግን ነገሩ የሚፈታው ቫይታሚኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም በሚል አይደለም። እጥረቱ በከፋበት፣ ኩፍኝና ተቅማጥ በሚገድሉበት ቦታ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ክትባት ሲስፋፋና ምግብ ሲሻሻል ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሕፃናት መልሶ መላልሶ መቁጠር ይኖርበታል።

የሶመር ሥራ በሕፃናት ላይ ብቻ አልተወሰነም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በራሳቸው ከተማ በባልቲሞር 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 5,308 ጥቁርና ነጭ ነዋሪዎች ዓይናቸው ተመረመረ። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ በጥቁሮቹ ዘንድ ከነጮቹ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጥ ተገኘ። ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። የዓይን ግፊትን ብቻ ለክቶ ግላኮማን መለየት እንደማይቻልም ታየ፤ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ በምርመራው ቀን ግፊታቸው የተለመደው ልክ ውስጥ ነበርና። ሌላው ጥናታቸው የዓይን ነርቭ ክሮች መሳሳት የእይታ ጉድለት ከመታየቱ ዓመታት አስቀድሞ በፎቶግራፍ ሊታወቅ እንደሚችል አሳየ። ስማቸው በቫይታሚን ኤ ቢገንንም የዛሬው ግላኮማን ቀድሞ የማወቅ አሠራር ለዚህ ሥራም ባለዕዳ ነው።

በ1990 የጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ እስከ 2005 መሩት። በ1997 በሕክምና ምርምር ከሚሰጡት ትላልቅ ሽልማቶች አንዱን፣ የአልበርት ላስከርን የክሊኒካል ምርምር ሽልማት ተቀበሉ። በዩኒቨርሲቲው ያቋቋሙት ማዕከል ሌሎች ተመራማሪዎችን አፍርቷል። ከነዚህ አንዷ ሺላ ዌስት ናቸው፤ በታንዛኒያ ኮንግዋ የሕፃናትን ፊት ማጠብ ተላላፊውን የዓይን በሽታ ትራኮማን ምን ያህል እንደሚከላከል በመንደሮች ሙከራ ያጠኑ ሲሆን፣ ጥናቱ በ1995 ታትሟል። ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በዓለም ትልቁ የትራኮማ ሸክም ያለው እዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ግማሹ የመጣው ከዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ ያጠፋው ብሌን 11.5 በመቶውን ይዟል። የቢቶ ነጭ አረፋም ከመቶ ሕፃናት በአንዱ ባይሆንም ወደዚያ በተጠጋ መጠን ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሕፃናት ከግማሽ በመቶ በሚበልጡት ላይ ከታየ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ብሎ ስለሚቆጥር ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም። በአገሪቱ ከ2004 ጀምሮ በተስፋፋው ዘመቻ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣቸዋል። ዓመት ላልሞላቸው 100,000 ዩኒት የያዘው ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 200,000 የያዘው ቀይ እንክብል ነው። የጤና ሠራተኛዋ ጫፉን በመቀስ ትቆርጥና ዘይቱን ልጁ አፍ ውስጥ ትጨምቃለች።

ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላልና ጉበት ለልጅ ማዕድ የሚበቁ የቫይታሚን ኤ ምንጮች ናቸው። ሲመሽ የሚደናበር፣ ዕቃ የሚዳብስ፣ ከጨዋታ የሚሸሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ነገሩን ጠባይ ነው ብሎ አይለፈው፤ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። ኩፍኝ የያዘውም ልጅ እንዲሁ ቫይታሚኑን በሁለት ተከታታይ ቀናት ማግኘት አለበት።